መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ መሪ መጨበጥ ለምትፈሩ፣ የእኔን አሰልጣኝ ልጠቁማችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ መንጃ ፈቃዱን ቦርሳው ውስጥ ይዞ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ነው። እኔም ለዓመታት ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። አሁን ከሰሚት መገናኛ ራሴ እየነዳሁ ሥራ እገባለሁ፤ እዚህ ያደረሱኝን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ አልፈለግኩም። ስማቸውና ስልካቸው እዚህ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ ሁልጊዜ እንደምጠራቸው "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቤታችን ውስጥ እኔ "ደንጋጣዋ" ነኝ። በር ጠንከር ብሎ ሲዘጋ የምዘል ልጅ ስለነበርኩ ስሙ ተለጠፈብኝ። በክፋት የወጣ ስም አይደለም፤ እናቴ "ፈሪ ለእናቱ ነው" እያለች ታቅፈኝ ነበር። በፍቅር የተሰጠኝ ስለሆነም እውነት ይሁን አይሁን ጠይቄ አላውቅም። ስሙ ግን አብሮኝ አድጎ በብዙ ነገር ይወስንልኝ ጀመር። ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያለኝ ዝም እላለሁ። የመስክ ሥራ ሲመጣ ለሌላ ሰው ይሰጥ እላለሁ። "ለምን?" ሲሉኝ መልሴ ያው ነው፤ "እኔ እኮ ደንጋጣ ነኝ።" መንጃ ፈቃዱን ካወጣሁ በኋላ ዳገት ላይ ሞተር ጠፍቶብኝ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ሲያደርግብኝ፣ አጠገቤ የነበረው አሰልጣኝ "ላንቺ አውቶማቲክም ይከብድሻል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ መሪ አልነካሁም።

ጋሼ ረጅም ዘመን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የነዱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ገና ስንገናኝ "ደንጋጣ ነኝ" አልኳቸው። አልተከራከሩኝም፤ "አይዞሽ፣ ትችያለሽ" የሚለውንም አላሉኝም። "እሺ ልጄ፣ ምን ምን ሲሆን ነው የምትደነግጪው?" ብለው ጠየቁኝ። ሞተር ሲጠፋ፣ ከኋላ ክላክስ ሲደረግ፣ ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት አልኳቸው። "ሦስት ነው እንግዲህ። አንድ በአንድ እናያቸዋለን" አሉ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ እስከ አሁን አስታውሰዋለሁ። እኔ ያልኳቸው ስለ ማንነቴ ነበር፤ እሳቸው ግን የሥራ ዝርዝር አድርገው መለሱልኝ።

እሁድ ጠዋት፣ መኪና በማይበዛበት መንገድ ላይ፣ ሆን ብዬ ሞተር እንዳጠፋ አደረጉኝ። "ፍሪሲዮኑን ባንዴ ልቀቂው።" መኪናው ተንገጫግጮ ጠፋ። "ፍሬን ያዢ፣ ፍሪሲዮን ርገጪ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጊ፣ አስነሺ። አሁንም አጥፊው።" እንዲህ ስንደጋግመው የሞተር መጥፋት አደጋ መሆኑ ቀርቶ የማውቀው ነገር ሆነ፤ ልቤ ከመዝለሉ በፊት እጄ ወደ ቁልፉ መሄድ ለመደ።

ሌላ ቀን ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሰልጣኝ ስትነዳ አሳዩኝ። እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየተንቀጠቀጠም ማርሽ ሲያስገባ አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት የሞከርነው። የእጅ ፍሬን ተይዞ አንደኛ ማርሽ ይገባል፤ ፍሪሲዮኑ በቀስታ ሲለቀቅ የሞተሩ ድምፅ ይወርዳል፣ መኪናው ይርገበገባል። እዚያች ነጥብ ላይ እግርን አጽንቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ነው። ልቤ እንደሚደልቅ ስነግራቸው "ይምታ፤ ሥራ ላይ ስለሆንሽ ነው" አሉኝ። መኪናው ወደ ኋላ ሳይል ተነሳ። ምንም አላሉኝም፤ "እስቲ አሁን ምን እንዳደረግሽ በተራ ንገሪኝ" ብቻ አሉ። ከአፌ የወጣው ሁሉ "ያዝኩ፣ ለቀቅኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ" የሚል ነበር።

በኋላ ሳነብ የጋሼ ዘዴ በሥነ ልቦና ትምህርት ውስጥም የታወቀ ሆኖ አገኘሁት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው "ይህን ማድረግ እችላለሁ" የሚል እምነት የሚያገኝባቸውን አራት ምንጮች ዘርዝሯል፦ ራሱ ሠርቶ ማየት፣ እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሠራ ማየት፣ የሌላ ሰው ማበረታቻ፣ እንዲሁም ሰውነቱ የሚሰማውን ነገር የሚተረጉምበት መንገድ። ከሁሉም ጠንካራው ራስ ሠርቶ ማየት ነው ይላል። ባንዱራ እባብ በጣም የሚፈሩ ሰዎችን ደረጃ በደረጃ እያቀረበ እባቡን እስኪይዙ ድረስ አሠልጥኗል፤ ከእነሱም መካከል ከእባብ ጋር በማይገናኝ ጉዳይ ጭምር ድፍረት እንዳገኙ የነገሩት ነበሩ። እኔም በራሴ ያየሁት ይህንኑ ነው። መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣለሁ፤ የመስክ ሥራ ሲመጣም ስሜን አስመዝግቤ አዳማ ደርሼ ተመልሻለሁ። ድንጋጤው አልጠፋም፤ በር ሲጮህ ዛሬም እዘላለሁ። የሚወስንልኝ ግን እሱ አይደለም።

ጋሼን ይበልጥ ያከበርኩበት ሌላ ምክንያትም አለ። አንዲት የማውቃት ልጅ መኪና ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቤቷም ሆና ትንፋሽ እንደሚያጥራት ስትነግራቸው፣ ገንዘቧን ሳይቀበሉ "መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ፣ እኔ የትም አልሄድም" ብለው መለሷት። ሥራቸው የት ድረስ እንደሆነ ያውቃሉ።

ለምትፈልጉ፣ ዝርዝሩ ይህ ነው። የሚያስተምሩት መንጃ ፈቃድ ያለውን ሰው ብቻ ነው፤ ጀማሪ ከሆናችሁ ወደ ማሰልጠኛ ተቋም ይልኳችኋል። መኪናቸው ማኑዋል ኮሮላ ነው፤ በእሳቸው በኩልም ፍሬን አለው። ክፍያው በሰዓት ነው። ባል ወይም ወንድም አብሮ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ መኪና ውስጥ አንድ አስተማሪ ይበቃል ይላሉ፣ እኔም እስማማለሁ። ጫማችሁ ጠፍጣፋ ይሁን።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሰው እያስተማሩ ስልክ ስለማያነሱ አጭር መልእክት ላኩላቸው፤ የእሁድ ጠዋት ቶሎ ስለሚያዝም ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።