አራቱ መብራቶች በብሉሬይ፦ «ቼይን ኦፍ ኮማንድ» ገንዘቡን ያወጣል?

ይህን ዲስክ የሚገዛ ሰው በዋናነት የሚገዛው አንድ ክፍል ነው። ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ መርማሪ፣ ከመርማሪው ጀርባ አራት ደማቅ መብራቶች፣ ፊት ለፊት ደግሞ ልብሱን የተገፈፈ እስረኛ። መርከቡም፣ ጦርነቱም፣ ሌላው ሁሉ ወደዚያ ክፍል መግቢያና ከዚያ መውጫ ነው።

«ቼይን ኦፍ ኮማንድ» በጠፈር መርከብ ላይ የሚካሄደው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የ«ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» ስድስተኛ ሲዝን 10ኛና 11ኛ ኤፒሶድ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1992 በሁለት ተከታታይ ሳምንታት በቴሌቪዥን ቀረበ፤ በ2014 በብሉሬይ፣ ከዲቪዲ የጠራ ምስል በሚይዝ ዲስክ፣ ወጣ። ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ 26ቱንም ኤፒሶዶች የያዘው የሲዝኑ ሙሉ ሳጥን ነው፤ ሌላው ሁለቱን ኤፒሶዶች አገጣጥሞ እንደ አንድ ፊልም ያቀረበ ነጠላ ዲስክ ነው። ነጠላው ይረክሳል፤ ያም ሆኖ አቅሙ ላለው ሰው ሳጥኑ ይሻላል። ምክንያቱ የኤፒሶዱ ብዛት አይደለም። የመጀመሪያው ኤፒሶድ የሚያበቃው መርማሪው ለእስረኛው የክፍሉን ሕግ ነግሮት፣ ካልመለስክ ትሞታለህ ብሎት፣ ገና እጁን ሳያነሳበት ነው። በ1992 ተመልካቹ ያን ዛቻ ይዞ አንድ ሳምንት ከረመ። ዛቻ የሚሠራው በመጠበቅ ውስጥ ነው፤ ነጠላው ዲስክ ይህን መቋረጫ ሰፍቶ ይዘጋዋል። ነጠላውን የገዛ ሰው እዚያ ቦታ ላይ አቁሞ በማግሥቱ ቢቀጥል ታሪኩ የሚገባውን ጊዜ ያገኛል።

ጭብጡ በአጭሩ ይህ ነው። ካፒቴን ፒካርድ መርከቡን ለሌላ አዛዥ አስረክቦ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ አንዷ የመርከቡ ሐኪም ናት፣ ወደ ሴልትሪስ 3 ፕላኔት በምስጢር ይላካል። የወገኑ ባላንጣ የሆኑት ካርዴሲያኖች እዚያ ሜታጄኒክ መሣሪያ እየሠሩ ነው ተብሏል፤ ሕይወት ያለውን ሁሉ ገድሎ ሕንፃውንና መንገዱን ሳይነካ የሚተው የጀርም መሣሪያ ማለት ነው። ወጥመድ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ያመልጣሉ፣ ፒካርድ ይያዛል። እውነቱን ለመናገር ይህ የመጀመሪያው ግማሽ ደካማ ነው። የአንድ ታላቅ መርከብ ካፒቴን ዋሻ ለዋሻ እንዲሳብ የተሰጠው ምክንያት አያጠግብም፤ የምስሉ ጥራትም የዋሻው ድንጋይ ሰው ሠራሽ መሆኑን ያጋልጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ሁሉ የላቀ ነው። ምርመራው በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ፒካርድ የሚያውቀውን በሙሉ ይናገራል። መርማሪው ጉል ማድሬድ የሚፈልገውን፣ የሚኖስ ኮርቫ ፕላኔትን መከላከያ ዕቅድ፣ ግን አያውቀውም። ማሰቃየቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ልብሱ ይገፈፋል፣ እጆቹ ታስረው ሌሊቱን ሙሉ ተንጠልጥሎ ያድራል፣ ሰውነቱ ውስጥ ሥቃይ የሚለቅ መሣሪያ ይቀበራል። ከዚያ መብራቶቹ ይመጣሉ፦ አራት ናቸው፣ መርማሪው አምስት በል ይለዋል። ጥያቄው መረጃ ከመሆን አልፏል።

ከሁሉ የከበደው ማስፈራሪያ በመሣሪያው የሚመጣ አይደለም። ማድሬድ በድንገት በሩን ይከፍትና መሄድ ትችላለህ ይለዋል፤ ያመለጠችውን ሐኪም ይዘናታል ብሎ ዋሽቶ፣ አንተ ከሄድክ እሷን እንመረምራለን ብሎ ይጨምራል። ፒካርድ ከበሩ ይመለሳል። ያችን አካሄዱን፣ ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያ መዞር፣ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሕጉም በትክክል ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቀው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 17 የጦር እስረኛ ከስሙ፣ ከማዕረጉ፣ ከልደት ቀኑና ከመለያ ቁጥሩ በላይ እንዲናገር አይገደድም ይላል፤ አልመልስም ያለውን እስረኛ ማስፈራራትንም ይከለክላል። ታሪኩ የራሱ ተመሳሳይ ስምምነት አለው፤ ጥበቃውን የሚያገኘው ግን መንግሥቱ በትእዛዝ የላክሁት ነው ብሎ ያመነለት ሰው ብቻ ነው። አዲሱ አዛዥ ጄሊኮ አላምንም ይላል። ስለዚህ ክፍሉን ለመርማሪው የከፈተው የገዛ ወገን ዝምታ ነው። ይህን ክር ሳይዙ የመርከቡን ትዕይንቶች እንደ መሙያ ማለፍ ስሕተት ይሆናል።

ትወናውን የተሸከሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ፓትሪክ ስቱዋርት ለሚናው ሲዘጋጅ ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል የተገኘ ማስረጃ ተመልክቷል። ዴቪድ ዋርነር የማድሬድን ሚና የያዘው በሦስት ቀን ጊዜ ውስጥ ነበር፤ ንግግሩንም ከተጻፈ ሰሌዳ እያነበበ ነው የተጫወተው። ዓይኑ ከእስረኛው ትንሽ ራቅ ብሎ ሲያርፍ የሚታየው ንቀት፣ ሴት ልጁ ስትገባ በአንዴ የሚለሰልሰው ፊት፣ በዚህ ጥራት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥራቱ የመጣው ከምንጩ ነው። ተከታታዩ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀርጾ የተቀነባበረው በቪዲዮ ቴፕ ላይ ነበር። ለብሉሬይ ዋናው ፊልም ከመጋዘን ወጥቶ እንደገና ተቃኝቶና ተቆራርጦ ተገጣጠመ። የድሮውን ዲቪዲ ያለው ሰው ልዩነቱን በጨለማው ክፍል ውስጥ ያገኘዋል፤ እዚያ ጥቁር ጭቃ የነበረው እዚህ ግድግዳ ነው።

አሁን ወደ ማጫወቱ። የዲቪዲ ማጫወቻ ይህን ዲስክ አያነበውም፤ ሌዘሩ የተለየ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን የክልል ፊደል ተመልከቱ፦ «ኤ» የአሜሪካ አህጉራት፣ «ቢ» ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ማጫወቻውን ከአሜሪካ የሚያስመጣ ሰው ከኋላው 100–240 ቮልት የሚል መኖሩን ያረጋግጥ፤ 120 ብቻ ከሆነ አገር ቤት በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል።

ምስሉ አራት ለሦስት ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ይቅር። ስክሪኑን ለመሙላት ዙም ከተደረገ ከቁመቱ ሩቡ ይቆረጣል፤ ወደ ጎን ከተለጠጠ ደግሞ ፊት ሁሉ በሲሶ ይሰፋል። የቴሌቪዥኑን እንቅስቃሴ ማለስለሻና ራሱን የሚለዋውጥ ኮንትራስት አጥፉ፤ አለዚያ ክፍሉ በየቅጽበቱ ይደምቃል፣ ይጨልማል።

ድምፁ ዲቲኤስ በተባለ የድምፅ ቅርጸት የተቀረጸ 7.1፣ ማለትም የስምንት ድምፅ ማጉያ፣ ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስ ስለማይፈቱ ምስል እያለ ድምፅ ሊጠፋ ይችላል፤ የማጫወቻውን የድምፅ ውጤት ፒሲኤም ወደሚባለው ያልታመቀ ድምፅ ቀይሩት። ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ላለው ስቴሪዮው ይበቃል፤ የማድሬድ ሹክሹክታ እንዲያውም ይበልጥ ይሰማል። እንግሊዝኛ ሰብታይትል አለው፣ አማርኛ የለውም። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በቴክኒክ ቃላት የታጨቁ ስለሆኑ ሰብታይትሉን ክፈቱ፤ የምርመራው ንግግር ግን ቀስ ያለና ጥርት ያለ ነው።

መጨረሻውን ሳያውቅ ማየት የሚፈልግ እዚህ ያቁም። ፒካርድ ሊፈታ ሲል ወደ መብራቶቹ ዞሮ አራት ናቸው ብሎ ይጮኻል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ አጨብጭቦ ያጠፋል። አታጥፉ። መርከቡ ላይ ከተመለሰ በኋላ ለአማካሪዋ ትሮይ የሚነግራት አለ፦ በመጨረሻው ሰዓት የተባለውን ሁሉ ሊል ዝግጁ እንደነበር፣ ከዚያም በላይ አምስት መብራት በዓይኑ የታየው መስሎት እንደነበር።