የጠጅ መጣያ ዕቃ ላለው ሰው የትኛው የቢራ ኪት ይሻላል?

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንደ ብዙ የአካባቢያችን ሰው ቤዝመንት ውስጥ ጠጅ እጥላለሁ። ለጠጁ ብዬ የገዛሁት የወይን መሥሪያ ዕቃ ነው። 30 ሊትር የሚይዝ ባለክዳን ባልዲ፣ ካርቦይ የሚሉት 23 ሊትር የሚይዝ አንገተ ጠባብ ጠርሙስ፣ ኤርሎክ (ጋዙን የሚያስወጣ፣ አየር ግን የማያስገባ መክደኛ)፣ መገልበጫ ቱቦና ሃይድሮሜትር (ፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ የሚያሳይ መለኪያ) አለኝ። በዚሁ ዕቃ ቢራም መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ቤቴ መጥቶ የቀመሰ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «የጠጁ ዕቃ አለኝ፤ የትኛውን ኪት ልግዛ? ሌላስ ምን ልጨምር?»

ኪት ማለት ቢራ ለመሥራት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ጥሬ ዕቃ ነው። እዚህ የማወራው እሳት ላይ መጣድ ስለማያስፈልጋቸው ኪቶች ብቻ ነው። ብቅሉ ፋብሪካ ውስጥ ተዘፍዝፎ ጣፋጩ ውሃ ወጥቷል። ከሆፕ ጋርም ተቀቅሏል። ሆፕ ማለት ለቢራ የጌሾን ሥራ የሚሠራው ተክል ነው። ከዚያ ውሃው ተኖ እንደ ማር ወፍሯል። ቆርቆሮውን ስትከፍቱ የምታገኙት ቡናማና ከማንኪያ ላይ አልወርድ የሚል ነገር ነው። ሽታው ጠላ ከሚጠመቅበት ቤት ሽታ ብዙ አይርቅም። ሁለት ሦስት ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ ታሟሙታላችሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታሟላላችሁ፣ እርሾ ትጨምራላችሁ። በቃ። መልሳችሁ ብትቀቅሉት የሆፑን መዓዛ ታጠፉታላችሁ።

አንድ ቆርቆሮ ወይስ ሁለት?

ባለአንድ ቆርቆሮ ኪቶች ውስጥ በጣም የታወቀው ኩፐርስ ነው። ከ1862 ጀምሮ በአውስትራሊያዋ አደሌድ ቢራ የሚጠምቅ የቤተሰብ ድርጅት ነው። ቆርቆሮው 1.7 ኪሎ ነው፤ 23 ሊትር ይወጣዋል። ርካሽ ነው። ግን ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ኪሎ ያህል ስኳር ወይም የብቅል ዱቄት (የተፈጨ ብቅል ሳይሆን፣ የብቅሉ ጣፋጭ ውሃ ደርቆ ዱቄት የሆነው) ከላይ ይፈልጋል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። የሻይ ስኳር ከጨመራችሁ እርሾው አንድም ሳያስቀር ይበላዋል። አልኮሉ ይመጣል፣ ቢራው ግን ይቀጥናል። አረፋው ብርጭቆ ላይ ሳይቆይ ይጠፋል። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ አንዱን በስኳር፣ አንዱን በብቅል ዱቄት። የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልናገር ለእህቴ ባል አቀረብኩለት። የስኳሩን አንዴ ቀምሶ አስቀመጠው። የብቅሉን ጨርሶ «ጨምርልኝ» አለ።

ችግሩ የብቅል ዱቄቱ ራሱ ዋጋ አለው። ቆርቆሮውንና ዱቄቱን ስትደምሩት ባለሁለት ቆርቆሮ ኪት አጠገብ ትደርሳላችሁ። ባለሁለት ቆርቆሮው፣ ለምሳሌ የእንግሊዙ ሙንቶንስ የሚያወጣው ባለ3 ኪሎ፣ ሙሉ በሙሉ ብቅል ነው። ከውሃ በቀር የምትጨምሩበት ነገር የለም። ጠጅ መጣል የለመደ ሰው ይህንን ይግዛ ነው የምለው። ማራችሁን ከስኳር ጋር እንደማትደባልቁ ሁሉ ቢራውንም በስኳር አታቅጥኑት። ርካሹን መግዛት ግድ ከሆነባችሁ እንኳ ከስኳሩ ግማሹን በብቅል ዱቄት ተኩት።

ካናዳ ላላችሁ ሦስተኛ ምርጫ አለ። ፌስታ ብሩ የሚባለው 23 ሊትር ፈሳሽ ሆኖ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ እርሾ መነስነስ ብቻ ነው። አልወፈረም፣ ስለዚህ ጣዕሙ ትኩስ ነው። ከባድ ነው፣ መሸከሚያ ጉልበት ይፈልጋል። ቶሮንቶ ብኖር እሱን ነበር የምገዛው። ሚስተር ቢር የሚባለው ትንሹ ኪት ደግሞ ሁለት ጋሎን ብቻ ይሠራል፤ ከነበርሜሉ ስለሚሸጥ ዕቃ ላለው ሰው ትርጉም የለውም።

ከጠጁ ዕቃ የትኛው ያገለግላል?

ባልዲው ከሁሉ ይበልጣል። ካርቦዩን ግን ለመጀመሪያው ፍላት አትጠቀሙበት። እኔ አንዴ ባልዲው ውስጥ ጠጅ ስለነበረ ቢራውን ካርቦዩ ውስጥ እስከ አንገቱ ሞላሁት። በማግስቱ ጠዋት ቤዝመንት ስወርድ አረፋው ኤርሎኩን ሞልቶ ወጥቷል። ቡናማው አተላ በጠርሙሱ ጎን እየተንጠባጠበ ምንጣፉን አርሶታል። ጠጅ እንዲህ አያደርግም፤ ማር ውስጥ ፕሮቲን በጣም ትንሽ ነው። የቢራ አረፋ ግን በብቅሉ ፕሮቲንና በሆፑ ተደግፎ ይቆማል። የኤርሎኩ ቀዳዳ ቢደፈን ግፊቱ የጠርሙሱን የጎማ ክዳን ያስፈነጥረዋል። ባለ30 ሊትሩ ባልዲ ለአረፋው ሰባት ሊትር ቦታ ይተውለታል። እጃችሁም ገብቶ ያጥበዋል።

ሃይድሮሜትሩ አንድ ነው፣ ንባቡ ግን ያሳስታል። ስኳሩ ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ጠጅ 1.000 አካባቢ ድረስ ይወርዳል። ቢራ ግን ከ1.008 እስከ 1.014 ባለው ውስጥ ይቆማል። «ገና ነው» ብላችሁ እርሾ አትጨምሩ። ሁለት ቀን አሳልፋችሁ ስትለኩት ያው ቁጥር ከመጣ አልቋል። ከ1.042 ተነስቶ 1.011 ላይ ቢቆም፣ ልዩነቱን በ131 ስታባዙት 4 በመቶ ገደማ አልኮል ነው።

የወይን እርሾ ለጠጃችሁ ይቆይ። ማልቶትራዮዝ የሚባለውን የብቅል ስኳር መብላት አይችልም፤ ቢራው ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል። ከቆርቆሮው ጋር የሚመጣውን እርሾ ተጠቀሙ፤ ክፍሉም ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሲየስ ይሁን። የወይን ማረጋጊያው ፖታሲየም ሶርቤትም ቢራ ውስጥ እንዳይገባ። እርሾውን ስለሚያዳክመው ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ አይፈጠርም። ካምፕደን የሚባለው የወይን ሠሪዎች የሰልፋይት ክኒን ግን ይጠቅማል። ግማሽ ክኒን ፈጭታችሁ 23 ሊትሩ ውሃ ውስጥ ብታሟሙ የቧንቧውን ክሎሪን ያጠፋዋል። አለዚያ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ሊል ይችላል።

ጠርሙስ ላይ አትቆጥቡ

በዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ። ቢራ በወይን ጠርሙስ አይታሸግም። የወይን ጠርሙስ ለግፊት አልተሠራም። ወይ ቡሹ ይፈነጠራል፣ ወይ ጠርሙሱ እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። ልጆች የሚወርዱበት ቤዝመንት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ቡሽ መግጠሚያችሁ እዚህ አይሠራም፤ ቆርኪ መግጠሚያ ግዙ። በጥምዘዛ የማይከፈት የቢራ ጠርሙስ ከጓደኞቻችሁ ሰብስቡ። የሻምፓኝ ጠርሙስም ግሩም ነው፤ ወፍራም ነው። የአሜሪካዎቹ አብዛኞቹ ተራውን 26 ሚሊሜትር ቆርኪ ይቀበላሉ፣ የአውሮፓዎቹ ግን 29 ይፈልጋሉ። ምንም ከሌለ ባዶ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሠራል፤ ጨብጣችሁ ጠንክሮ ከሆነ ጋዙ መያዙን ታውቃላችሁ። ጋዙ እንዲፈጠር ሲታሸግ ለ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚጨመረው ስኳር ከ5 ግራም አይለፍ።

ሕጉን ለሚጠይቁ፦ ፕሬዝዳንት ካርተር በ1978 የፈረሙት ሕግ ለራስ ፍጆታ ቢራ መሥራትን ፈቅዷል። በዓመት አንድ አዋቂ ባለበት ቤት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ባሉበት 200 ጋሎን ነው። መሸጥ ክልክል ነው።

ሁለት ሳምንት ባልዲ ውስጥ፣ አራት ሳምንት ጠርሙስ ውስጥ ይቆይ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ብትጀምሩት፣ ለገና ጾሙ ሲፈታ ከዶሮው ጋር ይቀርባል።