የእናቴን ንቅሳት አይተው "እንኳን ደህና መጡ" ያሉት ሴትዮ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ምስጋና መጻፍ አልችልበትም፤ ትንሽ ካስረዘምኩት ማሞካሸት ይመስልብኛል። ግን እማዬ ትናንት ከደብረ ታቦር ደውላ ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ "ያቺ ሴትዮ ደህና ናት?" አለችኝ። እኔን ሳትጠይቅ! ስለዚህ ይኸው፣ እናቴን እዚህ ጃፓን ለተቀበሏት የአንዲት የእንግዳ ማረፊያ እመቤት ምስጋና።

የምኖረው ጃፓን ነው፣ ደቡብ፣ ፉኩኦካ። ለማስተርስ መጥቼ ሥራ ይዤ ቀረሁ። እናቴን አምስት ዓመት ሙሉ "ዘንድሮ ትመጪያለሽ" እያልኩ ሳታልል ቆይቼ ባለፈው ታኅሣሥ መጀመሪያ መጣችልኝ። 67 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል፣ ደረጃ ስትወጣ የቅዱሳኑን ስም አንድ በአንድ ትጠራለች። ልጅ ሆና አያቴ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይወስዷት እንደነበር ስትተርክ ነው ያደግሁት። ደቡብ ጎንደር ያደገ ያውቀዋል፣ ሰው ስንቁን ይዞ ሄዶ የሚሰነብትበት ነው። ጃፓን ደግሞ የፍል ውሃ አገር ነው። እናቴን እዚህ ድረስ አምጥቼ ፍል ውሃ ሳላስገባት ብሸኛት ምኑን ልጅ ሆንኩት?

ችግሩ ንቅሳቷ ነው። ግንባሯ ላይ መስቀል አለ፣ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ፣ አገጯ ላይም ትንሽ። ለእኛ የእናቶቻችን ጌጥ ነው፣ ልብ ብለንም አናየውም። እዚህ ግን የሕዝብ መታጠቢያ በር ላይ "የተነቀሰ ሰው አይገባም" የሚል ማስታወቂያ የተለመደ ነው። መነሻው ያኩዛዎቹ፣ የጃፓን የወንበዴ ቡድኖች፣ ናቸው፣ ገላቸውን ሙሉ ስለሚነቀሱ ሌላው ደንበኛ እንዳይፈራ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሆካይዶ ውስጥ አንዲት ማኦሪ ሴት ከኒውዚላንድ መጥታ ፊቷ ላይ ባለው የባህል ንቅሳት ምክንያት ተከልክላ ዜና ሆኖ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ግን "ለባልቴት እንዲህ አያደርጉም" ብዬ ተዘናጋሁ።

አደረጉ። ስሙን የማልጠራው አንድ የቀን መታጠቢያ ሄድን። ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ የእማዬን ግንባር አየችና ሁለት እጇን እንደ መስቀል አጣምራ አሳየችን። እዚህ አገር እንዲያ ማለት "አይቻልም" ነው። እማዬ ግን መስቀል መስሏት አጸፋውን አማተበች። ልጅቷ ሕጓን ነው ያከበረችው፣ አሥር ጊዜም ይቅርታ ጠየቀች፣ ግን ያን ሰዓት መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። "ምን አለች?" አለችኝ እማዬ። "ሞልቷል አለች።" በአውቶቡስ ስንመለስ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ እንደነበር አይቻለሁ፤ ብርዱ ይሆናል ብዬ ራሴን ሸወድኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ለብቻ የሚዘጋ መታጠቢያ ፍለጋ የጀመርኩት። "ካሺኪሪ" ወይም "ካዞኩ ቡሮ" ይሉታል፣ ሁለተኛው የቤተሰብ መታጠቢያ ማለት ነው። አዲስ አበባ ፍልውሃ ክፍል ይዞ ለብቻ እንደሚገባው ዓይነት፣ ግን ይሄኛው ብዙ ጊዜ ደጅ ነው፣ ድንጋይ ተከቦ፣ ዛፍ ጥላ ሥር። ኪዩሹ ላይ፣ ፉኩኦካ ያለችበት ደሴት ማለት ነው፣ በብዛት አለ። ስፈልግ ስፈልግ ኩሮካዋ ላይ ወደቅሁ። ኩማሞቶ ግዛት፣ ከአሶ እሳተ ገሞራ በስተሰሜን፣ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ገደል ውስጥ የተሸሸገች መንደር። 30 ገደማ ርዮካን አሉ፣ ርዮካን ማለት በድሮው ወግ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነው።

አንዷን ትንሽ ቤት መርጬ መልእክት ጻፍኩ። ሁለት ነገር ነው ያስቀደምኩት። አንድ፣ እናቴ ፊቷ ላይ ንቅሳት አለ፣ የሃይማኖት ምልክት ነው። ሁለት፣ ጾም ላይ ናት፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይነካትም፣ የዓሣ መረቅም ቢሆን። ልኬው መልስ እስኪመጣ ሆዴን ቆረጠኝ። በማግስቱ መልሱ መጣ። ለንቅሳቱ ሁለት መስመር ብቻ፦ ለብቻ የሚዘጉ ሦስት መታጠቢያዎች አሉን፣ ባዶ ያገኙት ላይ በፈለጉት ሰዓት ይግቡ፣ ምንም አያሳስብዎ። ለጾሙ ግን አንድ ገጽ ሙሉ ጥያቄ! ሰሊጥ ይቻላል? ማር ይቻላል? እስከ ስንት ሰዓት ነው የማይበሉት? የመጨረሻውን ጥያቄ ሳነብ እንባዬ መጣ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ እስከ ስንት ሰዓት እንደማትበላ መጻፉን ረስቼዋለሁ።

የጻፉልኝ ኦካሚዋ ናቸው። ኦካሚ የርዮካን እመቤት ናት፣ ከእንግዳ አቀባበል እስከ ወጥ ቤት በእሷ እጅ ነው። እኚህኛዋ ስልሳ ቤት ውስጥ ያሉ ቀጭን ሴትዮ ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ።

የሄድንበት ቀን ታኅሣሥ 19 ነው፣ ገብርኤል። ከፉኩኦካ ቀጥታ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው። ስንደርስ ኦካሚዋ በብርዱ ፌርማታው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። እማዬም እጅ ነሳች። እሳቸው ደገሙ፣ እማዬም ደገመች። የጎንደር ሴትና የጃፓን ሴት ማን ቀድማ ቀና ትበል፣ ሻንጣውን ይዤ ቆሜ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ቀና ሲሉ የእማዬን ፊት በደንብ አዩት። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም። እንኳን ደህና መጡ አሉና በክንዳቸው ደግፈው ወደ መኪናዋ ወሰዷት።

ሻይ አቅርበውልን ሳለ ነው ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ግንባር አድርገው "ያምም ነበር?" ብለው የጠየቁት። እማዬ ዕድሜ ልኳን ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የነበረች ይመስል ጀመረች! በእሾህና በጥላሸት እንደነቀሷት፣ ከሦስት ቀን በላይ እንዳበጠ፣ እናቷ ደግሞ "አሁን ሴት ሆንሽ" እንዳሏት። እኔ መተርጎም እስኪያቅተኝ። ኦካሚዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙ። የባላቸው አባት ከጓዳ ብቅ ብለው "አበበ!" ብለው ገቡ፣ ጃፓን የኖረ ሐበሻ ይህችን ያውቃታል፤ የ1964ቱ የቶኪዮ ማራቶን ለሽማግሌዎቹ ትናንት ነው።

ወደ መታጠቢያው ልምጣ። ዩካታ የሚባል ቀለል ያለ ቀሚስ ይሰጣችኋል፣ ሲለበስ የግራው በቀኙ ላይ ይደረባል። እማዬ ገልብጣ ለበሰች። ኦካሚዋ ፈጠን ብለው አስተካከሉላት፣ ለካ በተቃራኒው የሚለብሰው ሬሳ ነው! እማዬ አማተበች። መታጠቢያው በር ላይ አንዲት ጣውላ አለች፣ ገልብጣችሁ "ሰው አለ" የሚለውን ታደርጋላችሁ፣ ከውስጥ ትቀረቅራላችሁ፣ አለቀ። ከገንዳው በፊት ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ገላን በሳሙና ጨርሶ መታጠብ ነው፤ ገንዳው መዘፍዘፊያ እንጂ መታጠቢያ አይደለም፣ ፎጣም አይነከርበትም። የእናቴን ጀርባ አጥቤ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ እሷ ነበረች የእኔን የምታጥበው።

ውሃው 42 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ውጭው ደግሞ ዜሮ። እግሯን ነከር እንዳደረገች "ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ ገብርኤል!" ብላ ጮኸች። በዕለቱ መሆኑ ነው የሚገርመው። ከወንዙ ማዶ ያሉ እንግዶች ሰምተው ይሆናል። ትንሽ ቆይታ ግን እስከ አገጯ ገባች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ዝም አለች። እንፋሎቱ እየወጣ፣ በረዶ ቢጤ እየወረደ። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ "ያን ቀን ሞልቷል ያልሽኝ በግንባሬ ነበር አይደል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"እና ይቺኛዋ?"

"ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ ያውቃሉ።"

"አውቃ ነው እንዲያ ያቀፈችኝ?" አለች። ሌላ ምንም አላለችም። በዚያች ሌሊት ሁለቴ፣ በማግስቱ ሦስቴ ገባን፣ መጨረሻ ላይ እኔ ደክሞኝ እሷ ብቻዋን እየገባች እኔ ውጭ እጠብቅ ነበር።

እራት ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ። ኩማሞቶ የሚታወቀው በጥሬ የፈረስ ሥጋ ነው። እኛም ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሰዎች ነን፣ ግን ፈረስ... እማዬ ብትሰማ በእግሯ ፉኩኦካ ትመለስ ነበር። ኦካሚዋ የጃፓን መነኮሳት የሚበሉትን ዓይነት ምግብ ነው ያሠሩልን። መረቁ ዓሣ የለበትም፣ ከባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ነው የወጣው። የሰሊጥ ቶፉ፣ የተጠበሰ እንጉዳይ፣ የተራራ ቅጠላ ቅጠል፣ ሩዝ። ኮንኛኩ የሚባለውን ዝልግልግ ነገር እማዬ በጨዋነት ወደ እኔ ሳህን አሻገረችው። ከዚያ ካራሺ ሬንኮን መጣ፣ የሎተስ ሥር ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ በሚሶ (በቦካ የአኩሪ አተር ሊጥ) የተለወሰ ሰናፍጭ ተሞልቶ የተጠበሰ፣ የኩማሞቶ የራሷ ምግብ። እንቁላል እንደሌለበት ቀድመው ነገሩን። እማዬ ነከስ አደረገች፣ አፍንጫዋን ያዘች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ሰናፍጭ!" አለች። በጾም ከሰናፍጭ ጋር ያደገች ሴት ከዓለም ጫፍ መጥታ ሰናፍጭ አገኘች። የእኔንም ድርሻ በላችው።

"የማን ጠበል ነው?" ብላ ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። "ጠበል አይደለም እማዬ፣ ፍል ውሃ ነው" ስላት ከረምኩ። በሁለተኛው ቀን ኦካሚዋን ጠየቅኋቸው፣ እሳቸውም የመንደሩን አፈ ታሪክ ነገሩን። አንድ ደሀ ልጅ ለታመመ አባቱ ሐብሐብ ሲሰርቅ ተይዞ አንገቱ ሊቀላ ሲል ጂዞ የሚባለው ጠባቂ ሐውልት በእሱ ፈንታ አንገቱን ተቀላ፤ የሐውልቱን ራስ አንድ ባሕታዊ ተሸክሞ ሲሄድ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ "እዚሁ አስቀምጠኝ" አለው፣ ካስቀመጠበት ዓለት ሥር ፍል ውሃ ፈለቀ። ተርጉሜ ስጨርስ እማዬ ዞራ "ታዲያ ጠበል አይደለም ያልሽኝ ለምንድን ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የአንደኛው ርዮካን ባለቤት የነበሩ ጎቶ ቴትሱያ የሚባሉ ሰው ዓለቱን በመሮና በመዶሻ ፈልፍለው የዋሻ መታጠቢያ እንደሠሩ ስነግራት ደግሞ "እንደ ላሊበላ" አለችና ሄዳ ካላየሁ ብላ አስቸገረችኝ።

ለመሄድ ለምታስቡ ልብ በሉ። ዋጋው በክፍል አይደለም፣ በሰው ነው፣ ብዙ ሐበሻ እዚህ ላይ ይደነግጣል። እኛ በአንድ ሌሊት ለአንድ ሰው 22,000 የን ከፈልን፣ እራትና ቁርስ ገብቶበት፣ ከዚያ ላይ 150 የን የፍል ውሃ ግብር አለ። በአዲስ ዓመታቸው ሰሞን ዋጋው እሳት ነው፣ ከዚያ በፊት ሂዱ። ጉርሻ የሚባል አይጠበቅም። ለብቻ የሚዘጋ መታጠቢያ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ የእንጨት ማለፊያ አለ፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ በእሱ ሦስት ቤት ደጅ ያለ መታጠቢያ ትገባላችሁ። እኔ ማታ ብቻዬን ተጠቅሜበታለሁ፣ በዚያ ወቅት ወንዙ ላይ የቀርከሃ ፋኖሶች ያበሩበታል፣ ማየት ነው። ንቅሳት ካላችሁ ግን በየቤቱ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም እንደኛዋ አይደለም።

ጉድለቱንም ልናገር። አሳንሰር የለም፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ወደ መታጠቢያው የሚያወጣው ድንጋይ ማታ ያንሸራትታል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤት ማንኮራፋት ይሰማል። የሚተኛው ሰሌን ላይ በሚነጠፍ ፍራሽ ነው፣ ጉልበት ላመመው ሰው መነሳቱ ፈተና ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ኦካሚዋ እማዬን ስትነሳ አይተው ምንም ሳይናገሩ ማታ ላይ ፍራሽ በፍራሽ ደርበው ከፍ አድርገው አነጠፉላት፣ ለምግብም ወንበር አመጡ። እኔ ልጇ ሆኜ አላሰብኩትም።

ስንሰናበት እማዬ ለእኔ ያመጣችውን ቡና፣ አዎ የእኔን ቡና፣ ከአዲስ ነጠላ ጋር ሰጠቻቸው። ነጠላውን እዚያው ለበሱት። አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ነበር፣ እማዬም ወንበሯ ላይ ዞራ። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ ግንባሯ ተገልጦ።

የቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ኦካሚዋም ስማቸውና ፎቶአቸው እንዳይወጣ ለምነውኛል። የምር መሄድ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ በጃፓንኛ ቦታ አስይዝላችኋለሁ። አንድ ልመና አለኝ፣ በዚህ ሁለት ወር ከአዲስ አበባ ወደ ናሪታ፣ የቶኪዮ አየር ማረፊያ፣ የሚመጣ ሰው ካለ እማዬ ለኦካሚዋ የላከችው ግማሽ ኪሎ የሰናፍጭ ፍሬ ቦሌ እህቴ ቤት ተቀምጧል፣ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ያለው ይንገረኝ።