የጎደሉት አሥራ ሁለት ገጾች፦ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የምሠራው፣ ማታ ማታ። ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሒሳብ እቀበላለሁ፤ መኪና ሲጠፋ አነባለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ ሳነብ የኮንግረስ፣ ማለትም የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ለእኔም ክፍት መሆኑን አላውቅም ነበር። አንዷን ጓደኛዬን ጠይቄያት «አንቺ፣ እሱ እኮ የሴናተሮች ነው» አለችኝ። አመንኳት። ስሙም ያስፈራል።

የሴናተሮች ብቻ አይደለም። ዕድሜው 16 የሞላ ማንም ሰው መታወቂያ ይዞ ሄዶ የአንባቢ ካርድ ማውጣት ይችላል። ክፍያ የለውም። ዜግነት አይጠየቅም፣ ዲግሪም አይጠየቅም። ፎርሙን ቀድሜ ኦንላይን ሞልቼ ስለነበር ፎቶ አንስተው ካርዴን ሰጡኝ። ሁለት ዓመት ያገለግላል። ከፓርኪንግ ባጄ ጋር አንድ ላይ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ወጣሁ።

የሄድኩት በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው። አባባ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበሩ። ቤታችን ውስጥ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የታተመ አንድ ልብ ወለድ ነበር። ከጎረቤት ጎረቤት ሲዞር ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች ጠፍተዋል። ስለዚህ መጽሐፉ የሚጀምረው ገጽ 13 ላይ ነበር፤ እንዲህ ብሎ፦ «...ብሎ በሩን ዘጋው።»

ማን ነው የዘጋው? ምን ብሎ? አባባ ማታ ማታ ሲያነቡልን ይህን እንጠይቃቸዋለን። እርሳቸውም መጀመሪያውን ከራሳቸው ፈጥረው ይነግሩናል። አንድ ቀን በሩን የዘጋው ጭቃ ሹም ነው። ሌላ ቀን ባለ ዕዳውን ሊያስር የመጣ አበዳሪ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጅብ ያሯሯጠው መንገደኛ ይሆናል። እኔና ወንድሞቼ የራሳችንን እንጨምራለን። መጽሐፉን ወደን የጨረስነው ለዚያ በር ስንል ይመስለኛል።

ከሰፈሬ ቅርብ የሆነ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ጠይቄ ነበር። የአማርኛው መደርደሪያ ላይ ያለው አምስት መጽሐፍ ነው፤ ሁለቱ የምግብ አሠራር። ከዚያ ነው አንድ ደንበኛዬ፣ ማታ ማታ መኪናዋን የምታስቀምጥ ሴት፣ «ኮንግረስ ሞክሪ» ያለችኝ።

መኪና ይዛችሁ አትሂዱ። ይህን የምለው የፓርኪንግ ሠራተኛ ሆኜ ነው፣ እመኑኝ። በሜትሮ ካፒቶል ሳውዝ ወርዳችሁ ሽቅብ ትንሽ ከተራመዳችሁ ቶማስ ጄፈርሰን የሚባለው ሕንፃ ጋ ትደርሳላችሁ። መግቢያው ላይ እንደ ኤርፖርት ይፈትሻሉ። ቦርሳና ካፖርት ንባብ ክፍል አይገባም፣ በር ላይ ተቀባይ ጋ ይቀመጣል። ስለዚህ ሹራብ ልበሱ።

ዋናው የንባብ አዳራሽ ስትገቡ አንገታችሁ ወደ ላይ ይቀራል። ሕንፃው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ክብ ነው፤ ወንበርና ጠረጴዛው መሐል ላይ ያለውን የሠራተኞች ቦታ ከቦ ተደርድሯል። ቅኔ ማኅሌት የገባሁ መስሎኝ ነጠላዬን ልፈልግ ምንም አልቀረኝም። ጉልላቱ አናት ላይ 12 ሰዎች በክብ ተስለዋል። እያንዳንዳቸው አንድ አገር ወይም ዘመን ለሰው ልጅ ያበረከተውን ይወክላሉ፦ ግብፅ ጽሕፈትን፣ ግሪክ ፍልስፍናን፣ እስልምና ፊዚክስን፣ ጀርመን ኅትመትን። ኢትዮጵያን ፈለግኳት፣ የለችም። ትንሽ ከፋኝ። እሷ ያለችው እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል ይባላል። የእኛ ቤት ይሄ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ናይሮቢ ውስጥ ቢሮ አለው፤ ከኢትዮጵያ የሚወጡ መጻሕፍትና ጋዜጦች የሚሰበሰቡት በዚያ በኩል ነው። አዲስ አበባ መንገድ ዳር የሚሸጥ መጽሐፍ ናይሮቢ ዞሮ እዚህ ይደርሳል ማለት ነው። መጽሐፍ ስትፈልጉ አንድ ነገር እወቁ፦ ካታሎጉ ላይ የአማርኛ ርዕሶች በአብዛኛው የተመዘገቡት በላቲን ፊደል ነው፤ ያውም ከላይና ከታች ነጥብና ጭረት እየተደረገበት። ግራ ከገባችሁ ርዕሱን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሠራተኞቹን ጠይቁ። እኔ እንዲያ ነው ያደረግኩት፤ አብረውኝ ፈለጉ፣ ተገኘ።

መደርደሪያ ጋ ሄዶ ራስ ማንሳት የለም። ትጠይቃላችሁ፣ ከመጋዘን ይመጣል። የእኔ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ከከተማ ውጭ የሚቀመጡም ስላሉ ከቤት ሆኖ ቀድሞ ማዘዝ ይሻላል። ውሰዱና ቤት አንብቡ የሚባል ነገር የለም፤ እዚያው አንብባችሁ እዚያው ትመልሳላችሁ። መጀመሪያ ይህ አልተመቸኝም ነበር። አሁን ግን ደስ ይለኛል። የእኛ መጽሐፍ ገጹን ያጣው በመዋስ አይደል?

ስጠብቅ ሄጄ ሕንፃው በስሙ የተጠራውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ የጄፈርሰንን፣ መጻሕፍት አየሁ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1814 የመጀመሪያውን ቤተ መጻሕፍት ሲያቃጥሉት ጄፈርሰን የራሱን 6,487 መጻሕፍት በ23,950 ዶላር ለኮንግረስ ሸጠ። በ1851 ሌላ እሳት መጣና ሁለት ሦስተኛውን በላው። አሁን የጠፉትን እየፈለጉ ይተካሉ። ያው ኅትመት፣ ያው ዓመት ካልሆነ አይቀበሉም። የእርሱ የነበሩት አረንጓዴ ሪባን አላቸው፤ ከሌላ ቦታ ተገዝተው የተተኩት ወርቃማ። ገና ያልተገኙት ቦታ ላይ ባዶ ሣጥን ቆሟል። እነዚያ ሣጥኖች ፊት ብዙ ቆምኩ። ሰው አሥራ ሁለት ገጽ ፍለጋ መዞሩ እብደት እንዳልሆነ የሚያውቅ ቤት ነው አልኩ።

ሌላ ቀን በቀጠሮ ከቶማስ ሊፐር ኬን ስብስብ አንድ ክታብ አየሁ። ኬን ያንን ትልቁን ባለ ሁለት ቅጽ የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ነው፤ የግዕዝና የአማርኛ ብራናዎቹ እዚህ ናቸው። ክታቡ ረጅም የብራና ጥቅልል ነው። ድሮ ሲጻፍ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነበር። አያቴ አንገቷ ላይ በቆዳ የተሰፋ ነበራት፤ ውስጡን አይተን አናውቅም፣ መክፈት ክልክል ነበር። እዚህ ተዘርግቶ አየሁት። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ አለ፣ ትልልቅ ዓይኖች አሉ። «ዕቀባ ለአመትከ» ይልና ቀጥሎ ያለው ስም ተፍቆ የሌላ ሴት ስም ተጽፎበታል። ክታቡ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተላልፏል ማለት ነው። ለመጀመሪያዋ ሴት አለቀስኩላት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

መጽሐፌ መጣ። ሽፋን አለው! ሰማያዊ ነው፤ ለካ ሰማያዊ ነበር። ገጽ 1ን ከፈትኩ። ደብረ ብርሃን፣ ፋኖሱ፣ የአባባ ካፖርት ሽታ፣ ሁሉም መጣ። ከዚያ ክፍል የወጣሁ ያህል ነው፤ ሠራተኛዋ መጥታ ሰዓት መድረሱን ስትነግረኝ ነው ዋሽንግተን እንዳለሁ ያስታወስኩት። አስፈቅጄ አሥራ ሁለቱን ገጾች በስልኬ አነሳኋቸው።

ልጅ ያላችሁ፣ ከ16 በታች ያለ ልጅ ካርድ ማውጣት እንደማይችል እወቁ። የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ እዩ፤ ክፍሎቹ ሁሉ እኩል አይከፈቱም። ምግብ ንባብ ክፍል አይገባም፣ በልታችሁ ሂዱ። ሌላ የምለው የለም። ሂዱ ብቻ።

ማታ ቡዝ ሆኜ አባባ ጋ ደወልኩ። እዚያ ነግቷል። ከገጽ 1 ጀምሬ አነበብኩላቸው። ቃል አልተነፈሱም። ገጽ 12 መጨረሻ ላይ ደረስኩ። በሩን የዘጋው ጭቃ ሹም አይደለም፣ አበዳሪም አይደለም። ትንሽ ልጅ ነው። «እማዬ፣ ብርድ ገባ» ብሎ በሩን ዘጋው።

አባባ ቆዩ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«የእኔው ይሻል ነበር» አሉ። ከዚያ ደግሞ «እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ፣ እናቴ» አሉኝ።