አማቴን እንደገና መዋጥ ላለማመደው ፊዚዮቴራፒስት

ይህ ምስጋና ነው፤ ጥቆማም ነው። ጎንደር ውስጥ ከስትሮክ በኋላ መዋጥ ያቃተው ሰው ቤታችሁ ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ስትሮክ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው እጅና እግርን ነው። ግን ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ ላይ መዋጥም ይቸገራሉ። የጉሮሮን ጡንቻ የሚያዘው ያው አንጎል ነውና። ብዙዎቹ በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። አማቴ ግን ቶሎ ከማይሻላቸው ወገን ሆኑ። በአፍንጫ የገባላቸው የምግብ ቱቦ ወጥቶላቸው ቤት ከመጡ በኋላም ውሃ በቀመሱ ቁጥር ትን ይላቸዋል። ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ያስላቸዋል። ኋላ ኋላ መብላቱንም ፈሩት።

ይህን ወጣት ፊዚዮቴራፒስት የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ እሱም አልፈለገም።

እንደመጣ ወደ ስፖርቱ አልገባም። መጀመሪያ የሆስፒታሉን ወረቀት አነበበ። እጁን ታጠበ፣ እማማን ቀጥ አድርጎ አስቀመጣቸው፣ አፋቸውን በባትሪ አየ። አስሳላቸው። ከዚያ በሻይ ማንኪያ ጥቂት ውሃ ሰጥቶ ጣቱን ማንቁርታቸው ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ሲውጡ «እስቲ አ ይበሉ» አላቸው። ድምፃቸው እንደረጠበ፣ ውሃ እንደያዘ ሆኖ ወጣ። ይህ ማለት ውሃው ጉሮሮ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ሳይስለውም ወደ ሳንባው ይገባበታል፣ ስለዚህ አለማሳሉን ብቻ አይታችሁ አትመኑ አለን።

ስፖርቶቹ ሲታዩ ቀላል ናቸው። አንደኛው ትልቅ ነገር እንደሚውጡ አድርጎ ምራቅን በኃይል መዋጥ ነው። ሌላው ፎጣ ጠቅልሎ ከአገጭ ሥር አስገብቶ ወደ ታች መጫን፣ መያዝ፣ መልቀቅ። ጀርባ ላይ ተኝቶ ጭንቅላትን ብቻ ቀና አድርጎ የእግር ጣትን ማየትም አለ። ለእሳቸው ግን አንገታቸውንና ደም ግፊታቸውን አይቶ እሱን ተወው፣ ፎጣው ይበቃል አለ። ዓላማው ያው ነው። ከአገጭ ሥር ያሉት ጡንቻዎች ሲጠነክሩ ማንቁርቱን ወደ ላይና ወደ ፊት ይስቡታል፣ ያኔ የአየር መንገዱ ይዘጋል፣ የምግቡ ይከፈታል።

ምላስን በጥርስ ያዝ አድርጎ ምራቅ መዋጥም አለ። ይሄ ያለ ምግብ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ልብ በሉ። እማማ አፈሩ። በምራታቸው ፊት ምላስ ማውጣት! እሱ ቀድሞ ምላሱን ሲያወጣ ግን ሳቁና ተከተሉት። ከሁሉም የከበዳቸው ማንቁርቱ ሽቅብ ሲወጣ እዚያው አቆይቶ መያዙ ነበር። በአፍ ማስረዳቱ አልሆን ሲለው እጃቸውን ወስዶ የራሱ ጉሮሮ ላይ አደረገው። «ይኸው እማማ፣ እዚህ ጋ ሲደርስ አይልቀቁት» አለና ዋጠ። ገባቸው።

ምግቡን በተመለከተ ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ ነው ያሳየኝ። አጥሚቱ ወፈር ይበል፣ ሽሮው ጓጎል አይኑረው፣ ገንፎው ላላ ይበል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ጨርሶ የለም። መረቅ የበዛበት ፍርፍርም አይሆንም፣ መረቁ ቀድሞ ይሮጣል፣ እንጀራው ኋላ ይቀራል። በትንሽ ማንኪያ፣ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ፣ አንዱ ሳይዋጥ ሌላ ሳይጨመር። አገጭ ዝቅ ማድረጉ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ለእሳቸው አይቶ ነው የፈቀደው። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቀመጥ። ጠዋትና ማታ አፍ ማጽዳት፣ ምክንያቱም የአፍ ጀርም ከምራቅ ጋር ሳንባ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል።

የከበደው ሌላ ነው፤ ጠያቂው። ታማሚ ሊጠይቅ መጥቶ ሳያጎርስ የሚሄድ የጎንደር ሰው አሳዩኝ! ይህ ልጅ አንድ ማታ ጉርሻ ጠቅልለው የተነሡ ዘመዳችንን ሲያይ «እማማ ስፖርት ላይ ናቸው፣ ለእኔ ያጉርሱኝ» ብሎ አፉን ከፈተ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ ማንም አልተቀየመም።

ጠበሉም እንዲሁ። በአርባ አራቱ ታቦት አገር ለታማሚ ጠበል አታጠጡ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እሱ አትስጧቸው አላለም። «ለአሁኑ ይረጩ፣ ፊታቸውን ይታጠቡበት፤ መጠጣቱንም እንደርስበታለን» አለ። ውሃ መዋጥ የሚለማመዱበት ጊዜ ሲደርስ አፋቸው በደንብ ከጸዳ በኋላ በሻይ ማንኪያ ያስጀመራቸው በዚያው ጠበል ነው። ከዚያ በኋላ እማማ ስፖርቱን ሥሩ ብሎ የሚጎተጉታቸው አላስፈለገም። ለዚህ ብቻ እንኳ ባመሰግነው አይበዛበትም።

ዛሬ እማማ ሽሮ ፈሰስን በለሰለሰ እንጀራ ይበላሉ። ቡናም በረድ ሲል ፉት ይላሉ። እያወሩ ከጠጡ ግን አሁንም ትን ይላቸዋል፣ ቆሎም አልተፈቀደም። ተአምር አልነገርኳችሁም።

ጉድለት ካላችሁኝ ሰዓቱ ነው። ከሥራ በኋላ ስለሚመጣ ይመሻል። ቤት ለቤት ሲሠራ ያስከፍላል፣ ዋጋውን ግን አስቀድሞ ይናገራል። የሚፈልገው በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣለሁ። እሱ ባይመቻችሁ እንኳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ የሚያሠለጥን ነውና ባለሙያ አይጠፋም። ስትጠይቁ ግን ለእጅና ለእግር ብቻ አትበሉ፣ መዋጡንም እንዲያዩላችሁ ንገሯቸው። ትኩሳት፣ ሲተነፍሱ ከደረት የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ ወይም ክብደት መቀነስ ካያችሁ ደግሞ ስፖርቱን ትታችሁ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።