ፎቶ ኮፒ ማሽኔን ከሞት ላስነሳልኝ ልጅ

ድሬዎች፣ ይህችን ሳልጽፍ ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል።

ሳቢያን ሰፈር ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማሽኑን የገዛሁት በእቁብ ነው፤ ዕጣው እስኪወጣልኝ እንዴት እንደጠበቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ጧ ብሎ ጠፋ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለት መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያድለው ክፍል፣ ነው አሉኝ።

ከዚያ መንከራተት ሆነ። አንዱ ጋ ሦስት ቀን ተቀምጦ "ቦርዱ ሙሉ ይቀየር" ተባልኩ፤ ዋጋውን ስሰማ ከንዴቴ ሳቅኩ። ሌላው "ቺፑን ቀይሬዋለሁ" ብሎ ብሬን ተቀበለ። ሁለት ቀን ሠራ፤ በሦስተኛው፣ ተማሪ በር ላይ ተሰልፎ እያለ፣ ጭስ! ተመልሼ ብሄድ "ከበር ከወጣ አናውቅም።" እንደገና ከፍዬ አስቀየርኩ፣ እንደገና ጭስ። እነማን እንደሆኑ አልጽፍም። ካነበቡት ራሳቸውን ያውቃሉ።

እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ያለውን ልጅ የጠቆመኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ነው፣ እሱንም እግዜር ይስጠው። ሱቋ ቁም ሳጥን ብታክል ነው። ልጁ እነዚያ የገጠሙትን ቺፕ ነቀለና "እህቴ፣ አሴቶን አለሽ?" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ጥጥ ነክሮ የቺፑን ጀርባ አሸት አሸት ሲያደርገው ጥጡ ጠቆረ፤ ጽሑፉ ለቀቀና ከሥሩ ሌላ ስም ብቅ አለ። ለካ አሮጌውን ቺፕ ቀለም ቀብተው አዲስ ስም ጽፈውበት ኖሯል! ሁለቴ የከፈልኩት ለዚህ ነው።

በማግስቱ እሱ በራሱ ብር ሌላ ገዝቶ ጠበቀኝ። ከመግጠሙ በፊት ግን በማጉያ ሲያየው ፊቱ ተቀየረ። 1962 ይላል። "የፊተኛው ሁለት ቁጥር የፈረንጅ ዓመቱ ነው፣ የኋለኛው ሳምንቱ" ብሎ አስረዳኝ። 62ኛ ሳምንት! አቦ፣ አሥራ ሦስት ወር ባለን በኛ እንኳ 62 ሳምንት የለም። ተሳሳቅን። ከዚያ ቺፑን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ "ይሄ የኔ ኪሳራ ነው፣ አንቺ ላይ አልጭነውም" አለ። እዚህ ላይ እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ቢገጥመውና ብሬን ቢቀበል በምን አውቅ ነበር?

መጨረሻ ላይ ከተጣለ ቦርድ ኦሪጅናሉን ነቅሎ ገጠመልኝ። መጀመሪያ በአምፖል በኩል አብርቶ ሞከረው፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ደብዘዝ ሲል "በቃ፣ ተኛ" አለ። ያስከፈለኝ ሌሎቹ ከወሰዱት ግማሹን አይሞላም።

ይኸው ሁለተኛ ወሩ፣ ማሽኔ እንደ ወፍጮ ይሠራል። ቲቪም፣ ኮምፒውተርም፣ የተቃጠለባችሁ ሁሉ እባካችሁ እሱ ጋ ውሰዱ። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ጠዋት ሂዱ ታዲያ፤ ከምሳ በኋላ ድሬ ድሬ ናት፣ እስከ 10 ሰዓት ማንንም አታገኙም።