ለጀማሪ የኦርኬስትራ መሪ የፔትሩቺ የኖታ ቤተመጻሕፍት ምን ያህል ያዋጣል?

ኦርኬስትራ ለመምራት የሚነሳ ወጣት አብዛኛውን ትምህርቱን የሚጨርሰው ኦርኬስትራ በሌለበት ክፍል፣ ስኮር (የሁሉንም መሣሪያ ኖታ አንድ ላይ የያዘ መጽሐፍ) ፊት ተቀምጦ ነው። ፒያኒስት ፒያኖው አጠገቡ አለ፤ መሪ ግን ሰማንያ ሰው በየማታው እቤቱ ጠርቶ አይለማመድም። ስማቸው የገነነው መሪዎችም በወጣትነታቸው ያለፉት በዚሁ ነው። አርቱሮ ቶስካኒኒ በፓርማ ኮንሰርቫቶሪ ቼሎ የተማረ ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1886፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ከቼሎ ወንበሩ ተነስቶ የቨርዲን ኦፔራ «አይዳ»ን ሲመራ ሙሉውን በቃሉ ይዞት ነበር። ክላውዲዮ አባዶና ዙቢን ሜህታ ደግሞ ቪየና ሃንስ ስቫሮቭስኪ ዘንድ ሲማሩ የትልልቆቹን መሪዎች ልምምድ በቅርብ ለማየት ሲሉ መዘምራን ውስጥ ገብተው ዘምረዋል። በቃል ለመያዝም ሆነ ልምምድ እያዩ ለመማር ስኮሩ እጅ ላይ መኖር አለበት።

ዛሬ ያን ስኮር ያለ ክፍያ የሚሰጠው ዋናው አገልግሎት አይኤምኤስኤልፒ ወይም የፔትሩቺ የሙዚቃ ቤተመጻሕፍት የሚባለው ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ የሙዚቃ ተማሪ ተከፈተ፤ በ2007 ከአንድ አሳታሚ በመጣ የሕግ ማስጠንቀቂያ ተዘግቶ በ2008 እንደገና ሥራ ጀመረ። ለአባልነት የማይከፍል ሰው ፋይሉ እስኪከፈት ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ስኮሩን ግን ያገኛል። በእኛ ግምት ለመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት የሚተካከለው የለም። ትልቁ ምክንያት ሙሉ ስኮሩና የየመሣሪያው ፓርት (ተጫዋቹ የራሱን ብቻ የሚያነብበት ኖታ) አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው፤ ለብዙ ሥራዎች የአቀናባሪው የእጅ ጽሑፍና የፒያኖ ቅንብርም አብሮ አለ። የታተመ ትንሽ የጥናት ስኮር ገዝቶ የሚያነብ ተማሪ ሁለተኛ ቫዮሊኑ መቆሚያው ላይ ምን እንደሚያይ አያውቅም፤ እዚህ ግን ወዲያው ከፍቶ ያየዋል።

የቤትሆቨንን 5ኛ ሲምፎኒ አውርዶ የመጀመሪያውን ገጽ ለሚያይ ተማሪ ትምህርቱ ከዚያው ይጀምራል። የመክፈቻውን ዝነኛ አራት ኖታ የሚጫወቱት ባለ አውታሮቹና ሁለቱ ክላሪኔቶች ብቻ ናቸው። ቫዮሊኑ ላይ የተጻፈው በድምፅ ስም ጂ፣ ጂ፣ ጂ፣ ኢ ፍላት ነው፤ የክላሪኔቱ መስመር ላይ ግን ኤ፣ ኤ፣ ኤ፣ ኤፍ ይነበባል። የቢ ፍላት ክላሪኔት ከተጻፈው አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ ድምፁ አንድ ነው። የመጀመሪያው ባር (በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለው የምት ክፍል) በአንድ ስምንተኛ ዕረፍት ይጀምራል፤ ስለዚህ ባቶኑ (የመሪው ዘንግ) ሲወርድ የሚሰማ ነገር የለም፣ ተጫዋቾቹ የሚገቡት ከምቱ ቀጥሎ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ሦስቱን ስምንተኛ ኖታዎች በእጁ ሊቆጥር ይሞክርና ኦርኬስትራውን ይበትነዋል። የሚያስፈልገው አንድ ግልጽ ማዘጋጃና አንድ ምት ነው፤ ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1817 ያወጣው ፍጥነትም በደቂቃ 108 ግማሽ ኖታ፣ ማለትም ለባሩ አንድ ምት ነው። የመጀመሪያው ፌርማታ (ኖታው ከልኩ በላይ እንዲያዝ የሚያዝ ምልክት) የቆመው አንድ ባር በሚሞላ ኖታ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ፌርማታ ያለበት ኖታ ግን ሁለት ባር ተያይዞለታል። ይህን ያላየ መሪ ሁለቱንም እኩል ይይዛቸዋል።

ባር 59 ላይ ሆርኖቹ ለብቻቸው ይጠራሉ። የኢ ፍላት ሆርን ስለሆነ የተጻፈው ጂ፣ ጂ፣ ጂ፣ ሲ፣ ዲ፣ ጂ ሲሆን የሚሰማው ሜጀር ሲክስዝ በሚባለው የድምፅ ርቀት ዝቅ ብሎ በቢ ፍላት ይጀምራል። ይኸው ጥሪ በኋላ ሲመለስ የተሰጠው ለባሱኖች ነው፤ ቫልቭ (በጣት የሚጫን ድምፅ መለወጫ) ያልነበረው የዘመኑ ሆርን በአዲሱ የድምፅ ቁልፍ እንደልቡ ሊጫወተው አይችልም ነበርና። ለባሱን ይተዉት ወይስ ለሆርን ይስጡት? መሪው ከልምምድ በፊት መወሰን አለበት። ስቫሮቭስኪ ተማሪዎቹን ሥራውን በባር ቡድን በባር ቡድን እንዲከፋፍሉ ያስተምር ነበር፤ የዚህን ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል 502 ባሮች በእርሳስ ቆጥሮ፣ ሐረጉ ባለ አራት ወይም ባለ ስምንት ባር መሆኑን እየለየ የሚከፋፍል ተማሪ የወረቀቱን ዋጋ ያገኛል።

አሁን ወደሚያሳስተው እንምጣ። እዚህ የሚገኘው አብዛኛው ኖታ የቅጂ መብቱ ያለፈበት፣ ማለትም የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ኅትመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገውን እርማት አልያዘም። በዚሁ 5ኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ትርፍ ባሮች ገብተው ታትመው ነበር፤ ቤትሆቨን በ1810 ለአሳታሚው ጽፎ ቢያሳውቅም ስህተቱ ለብዙ ዓመታት ሳይታረም ቆይቷል። የሹበርት ደግሞ ሌላ ነው። አክሰንቱን በጣም አስረዝሞ ስለሚጽፍ የድሮ አራሚዎች ብዙ ጊዜ ዲሚኑኤንዶ አድርገው አትመውታል፤ በኃይል መመታት ያለበት ኖታ እየከሰመ ይጠፋል ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ብሩክነር ነው፦ በ1896 የታተመው 5ኛ ሲምፎኒ ተማሪው ፍራንዝ ሻልክ ቆርጦ ኦርኬስትሬሽኑን (የመሣሪያ አደላደሉን) የለወጠው ነው። በዚያ የተማረ ሰው የብሩክነርን ሥራ ተማርኩ ማለት አይችልም። ስለዚህ ከማውረድ በፊት የአሳታሚውን ስምና ዓመት የሚያሳየውን መስመር ማንበብ የግድ ነው። ድረ ገጹ ይህን በጥንቃቄ መዝግቦ ማስቀመጡ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል።

ቁጥርም ያምታታል። የድቮርዣክ «ከአዲሱ ዓለም» በድሮው ሽፋን ላይ 5ኛ ነው፣ ዛሬ 9ኛ የምንለው። የሹበርት ትልቁ ሲ ሜጀር በድሮው ስብስብ 7ኛ ተብሎ ይገኛል። የሞዛርት 40ኛ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ያለ ክላሪኔት ነው፣ ሌላው ክላሪኔት ተጨምሮበት የኦቦው መስመር የተለወጠ። ስኮሩን ከአንዱ፣ ፓርቱን ከሌላው ያወረደ ሰው ችግሩን የሚያውቀው ልምምድ ላይ ነው።

የቅጂው ጥራት ይለያያል። በጥቁርና ነጭ ብቻ የተነሳ ገጽ ላይ የአቧራ ነጥብ ስታካቶ (ኖታው አጥሮ እንዲጫወት የሚያዝ ነጥብ) ይመስላል፣ እውነተኛው ስታካቶ ደግሞ ይጠፋል። ጥርጣሬ ሲኖር ያንኑ ሐረግ የያዘ ሌላ መሣሪያ ፓርት ከፍቶ ማመሳከር ይረዳል።

ዘመናዊ ሥራ የሚፈልግ ብዙ አይጠብቅ። አገልግሎቱ በዋናነት የሚከተለው የካናዳን ሕግ ነው፤ ካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ጥበቃውን አቀናባሪው ከሞተ በኋላ ከ50 ወደ 70 ዓመት አራዝማለች። በ1971 የሞተው ስትራቪንስኪ ሥራው ለጥቂት ቀድሞ ነጻ ወጣ፤ በ1975 የሞተው ሾስታኮቪች እስከ 2046 አይለቀቅም። ሌላ አገር ያለ ሰው የአገሩን ሕግ ራሱ ማየት አለበት፤ ከየፋይሉ አጠገብ ያለው ምልክት የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

ተማሪው ጓደኞቹን ሰብስቦ ሊመራ ሲነሳ ፓርቱን ማተም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለ5ኛው ሲምፎኒ ከፒኮሎ እስከ ቲምፓኒ 18 ፓርት ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ያስፈልጋል፤ ፒኮሎ፣ ኮንትራባሱንና ሦስቱ ትሮምቦኖች የሚገቡት በመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። አውታሮቹ ለሁለት ሰው አንድ መቆሚያ ስለሚጋሩ 10 አንደኛ ቫዮሊን፣ 8 ሁለተኛ፣ 6 ቪዮላ፣ 6 ቼሎና 4 ባስ ቢኖሩ 17 ቅጂ ይበቃል፤ በድምሩ 35። የድሮው ወረቀት ከኤፎር ይበልጣል፤ አሳንሶ ማተም ለመሪው ጥናት ያገለግላል እንጂ ለተጫዋች ዓይን አይሆንም። ኖታው የሚጻፍባቸው አምስቱ መስመሮች በጠቅላላ ቁመታቸው ከ7 ሚሊሜትር ከወረደ ኤ3 ወረቀት ላይ ማተም ይሻላል። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ የድሮ አታሚዎች ገጽ መገልበጫውን ዕረፍት ላይ አስልተው ነው ያስቀመጡት። ፋይሉ ፊት ላይ የተጨመረ ሽፋን ካለና በሁለቱም ገጽ ከታተመ ግራው ቀኝ ይሆንና መገልበጫው ዜማው መሃል ይወድቃል። ሽፋኑን አውጥቶ፣ ወይም ከኋላው አንድ ባዶ ገጽ አስገብቶ ማተም መፍትሔ ነው።

የልምምድ ፊደላትም (ልምምድ ከየት እንደሚጀመር ለመጠቆም ኖታው ላይ የሚታተሙት ኤ፣ ቢ፣ ሲ) ከኅትመት ኅትመት ይለያያሉ፤ መሪው «ከሲ» ሲል ግማሹ ሌላ ቦታ ይጀምራል። የባር ቁጥር በሁሉም ፓርት ላይ በየመስመሩ መጀመሪያ በእርሳስ መጻፍ አለበት። ሲቆጠር ዋናው ጥንቃቄ የድግግሞሽ ምልክት ያለበት ቦታ ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ መጨረሻ ባሮችን (በመጀመሪያውና በድግግሞሹ ዙር የሚለያዩትን) አንዱ ሰው ቆጥሮ ሌላው ከዘለላቸው ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ይዛባል።